የበርን ውሻና የመንዝ ውሻ

እዚህ ስዊዘርላንድ ዓይኔን የሚይዘው አንድ ውሻ አለ። የበርን የተራራ ውሻ ይሉታል። ጀርባው ጥቁር፣ ደረቱ ነጭ፣ ቅንድቡና እግሩ ላይ ቀላ ያለ ቡኒ ጣል ጣል ያለበት። ወንዱ ቁመቱ ትከሻው ላይ ሲለካ እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ 50 ኪሎ የሚሞላም አለ። አሁን ከሰው ጋር ሳሎን ቢተኛም የገበሬ ውሻ ነው። ግቢ ሲጠብቅ፣ ከብት ሲነዳ፣ ወተት የተጫነበት ጋሪ እየጎተተ አይብ ወደሚሠራበት ሲያደርስ የኖረ ነው። ዘሩ እንዳይጠፋ ብለው ወዳጆቹ ማኅበር ያቋቋሙለት እ.ኤ.አ. በ1907 ነው።

እኛ መንዞች ይሄን ሥራ እናውቀዋለን። ባለቤቱ ባና ተከናንቦ ሲተኛ ውሻው በዚያ ቁር ደጅ አድሮ በጎቹን ከጅብ ይጠብቃል። ሥራቸው አንድ ነው። የሚለያዩት አያያዛቸው ላይ ነው።

ጎረቤቴ አዛውንት ናቸው። ቡችላቸውን ደረጃ አያስወርዱትም፣ ታቅፈውት ነው የሚወርዱት። የዚህ ዘር የዳሌ መገጣጠሚያ በቀላሉ ስለሚጎዳ ነው፤ ቶሎ እንዳይከብድም ምግቡን መጥነው ይሰጡታል። ጎልማሳውን ደግሞ በአንዴ ብዙ አያበሉትም፣ በልቶ ወዲያው እንዲሮጥም አይፈቅዱለትም፤ ሆዱ ተነፍቶ ከተጠማዘዘ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ፀጉሩ ድርብ ስለሆነ በየጊዜው ይበጠራል፣ በበጋ ጥላ ይፈለግለታል። ይሄ ሁሉ ተደርጎለትም ዕድሜው አጭር ነው፣ ብዙዎቹ 7 ወይም 8 ዓመት ነው የሚኖሩት። ካንሰር ያጠቃቸዋል።

አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ ፎቶውን እያዩ «ቡችላ ላክልን» ይሉኛል። አልልክም። ለደብረ ብርሃን ብርድ የተፈጠረ ይመስላል፣ እውነት ነው፤ ግን ለሞገስ ተብሎ ጠባብ ግቢ ውስጥ በሰንሰለት ታስሮ ሲውል ማየት አልፈልግም። ሰው ሲርቀው ይከፋዋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ የራሳችን ውሻ ነው። የተረፈ ቂጣና አጓት ይደፋለታል፣ እሱም ጥሩ። ሳሎን ይግባ፣ ፀጉሩ ይበጠር አልልም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን የቅንጦት ነገር አይደለም! ደግሞ ነገሩ ከእኛ ቤት አያልፍም ብላችሁ እንዳታስቡ፤ እዚያው መንዝ፣ ጓሳ በሚባለው ደጋ ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ አለ፣ በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መውለድ የደረሱት ከ500 አይበልጡም፣ እና ያልተከተበ ውሻ ከብት ተከትሎ ሄዶ በሽታውን ካጋባባቸው አንድ መንጋ ባንዴ ሊያልቅ ይችላል።

ስለዚህ ውጭ ያላችሁ የአገሬ ልጆች፣ ስትደውሉ ስለ አዝመራው ከጠየቃችሁ በኋላ «ውሻው ተከትቧል ወይ?» በሉ። ለክትባቱ ብላችሁም ትንሽ ጨምሩ። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያ በኋላም ይደገማል። ልጅ ከተነከሰ ደግሞ ቁስሉ በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብ፣ ወዲያው ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ነገ አይባልም፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም።