ጫማው እኮ ይታያል! ምን አስወራችሁ?

እሺ ዛሬ ልተነፍስ ነው። ረጅም ነው፣ ማንበብ የደከመው ከአሁኑ ይለፈኝ። ሶስት ሳምንት ሙሉ ውስጤ ሲብላላ የከረመ ነገር ነው፣ ካልወጣልኝ አልተኛም።

ትምህርት ቤት "አጭር ፊልምና ምስላዊ አተራረክ" የሚባል ክላስ አለን። ስሙን ልብ በሉልኝ፣ ምስላዊ አተራረክ። በምስል መተረክ ማለት ነው። ሰው ሲሰማው ካሜራ ተሸክመው የሚሯሯጡ ልጆች ምናምን ነው የሚታየው አይደል? እኔም እንደዛ መስሎኝ ነው ዘልዬ የገባሁት። የመጀመሪያዎቹን ሰባት ሳምንታት ካሜራ የሚባል ነገር በአይናችን አላየንም። ስላይድ ነው ያየነው። ክሎዝ አፕ ማለት ምንድነው፣ ፃፉ። ዋይድ ሾት፣ ፃፉ። ሎው አንግል ሃይ አንግል፣ ፃፉ። ዋና በደብተር እንደመማር ነው በቃ፣ ውሃ ውስጥ እጅህን እንዴት እንደምታንቀሳቅስ በደንብ ፅፈሃል፣ ውሃው ግን የለም። (ካሜራ የለም አላልኩም። አንድ አለች፣ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎባት። ቁልፉ ያለው ሰውዬ ደግሞ ሁሌ "አሁን ወጣ" ነው።)

ከሁሉም የኩሌሾቭ ነገር ነው ያናደደኝ። ለማታውቁት፣ ኩሌሾቭ ከ100 አመት በፊት ገደማ የነበረ ሩሲያዊ ዳይሬክተር ነው። ምን አደረገ፣ የአንድ ተዋናይ ምንም ስሜት የማይነበብበትን ፊት ወሰደና አንዴ ከሾርባ ሳህን ጋር ቀጠለው፣ አንዴ ከሬሳ ሳጥን ጋር። ያየው ሰው "አይ ትወና! እንዴት እንደራበው አያችሁ? እንዴት እንዳዘነስ?" አለ ይባላል። ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነው! ሰውዬው ምንም አላደረገም! ራሃቡንም ሃዘኑንም የፈጠረው ተመልካቹ ራሱ ነው፣ በሁለቱ ምስሎች መሃል። እኔ ይሄን የሰማሁ ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ እውነቴን ነው።

እና ይሄ እኮ በስልክ በአስር ደቂቃ የሚሞከር ነገር ነው። አንዱን ልጅ ግድግዳ ስር አቁመህ "ምንም አታስብ" ብለህ ፊቱን አስር ሴኮንድ ትቀርፃለህ፣ ከዛ የፈተና ወረቀት፣ ከዛ የተኛ ህፃን፣ ከዛ የተዘጋ በር፣ እየቀያየርክ ትቀጥላለህ፣ ክላሱ ያያል፣ አለቀ። እድሜ ልኩን የሚረሳው ልጅ አይኖርም ነበር። እኛ ጋ ግን ፈተና ላይ መጣ። "ኩሌሾቭ የየት አገር ሰው ነው?" ሀ ለ ሐ መ። ሁለት ማርክ። አዎ አግኝቻታለሁ። ምን ላድርጋት?

እሺ ይሄም ይሁን። ስምንተኛው ሳምንት ላይ አሳይመንት ተሰጠን፣ በግሩፕ፣ አምስት ደቂቃ የማይበልጥ ፊልም፣ በስልክም ይቻላል። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። ሃሳቡ ከድሮም ውስጤ ነበር። እንዲህ ነው። ማታ ነው፣ አንዲት እናት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ጃኬቷን ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ። ልጇን ፍለጋ ልትወጣ አስባ ይሁን ወጥታ ተመልሳ አናውቅም። የበሩ ቁልፍ ሲዞር ትሰማለች። ወዲያው መብራቱን ታጠፋና አልጋ ላይ ወጥታ ብርድ ልብስ ውስጥ ትገባለች፣ የተኛች ለመምሰል። ልጁ በቀስታ ይገባል፣ በጨለማ እየዳበሰ፣ ተገላገልኩ ብሎ ሊያልፍ ሲል ያያል፣ ከብርድ ልብሱ ስር ጫማዋ ወጥቷል። ይቆማል። ከዛ ቁጭ ይልና ማሰሪያውን ፈትቶ ቀስ አድርጎ ያወልቅላታል። እሷም አትነቃም፣ እሱም አይናገርም። ሁለቱም ያውቃሉ። አለቀ። አስራ አራት ሾት፣ አንድም ቃል የለም።

ግሩፑ ቴሌግራም ላይ ስነግራቸው ምን አሉኝ መሰላችሁ? "አሪፍ ነው። ግን ምን ይላሉ?"

ምን ይላሉ ማለት ምን ማለት ነው? ምንም አይሉም! "አይ እሱ ገብቶናል፣ ግን ሰው እንዲገባው..." የቱ ሰው ነው እሱ? እኔ ያላወቅኩት ይሄ ፊልም የማይገባው ሰውዬ ማን ነው? ሁሌ "እኛስ ገብቶናል፣ ለሰው ነው" ይባላል፣ ያ ሰው ግን እስካሁን በአካል መጥቶ አላየሁትም።

በማግስቱ አንደኛው ልጅ ስክሪፕት ፅፎ ላከ፣ 11 ገፅ። አንድ የስክሪፕት ገፅ በግምት አንድ ደቂቃ ፊልም ነው፣ ይሄ ራሱ ስላይዱ ላይ አለ። አምስት ደቂቃ ለሚባል ፊልም 11 ደቂቃ ወሬ። ልጁ ሲገባ እናትየው ተነስታ ተቀምጣ "የት አምሽተህ ነው? አባትህ ከሞተ ጀምሮ እኔ ላንተ ስል ያልሆንኩት የለም" ትለዋለች። እሺ አባትየው ደግሞ ከየት መጣ? ማን ገደለው? በግድ ነው መልሼ ያስጣልኳቸው፣ ሁለት ቀን ተጨቃጭቀን።

ፊልም ሲጀመር እኮ ድምፅ አልነበረውም። ሉሚየር ወንድማማቾች በ1895 ፓሪስ ላይ ትኬት ለቆረጠ ሰው ያሳዩዋቸው ፊልሞች እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ እንኳን አይሞሉም ነበር፣ ከዛ በኋላ ተዋናይ አፉን ከፍቶ ሲያወራ የሚሰማበት ረጅም ፊልም እስኪመጣ 30 አመት አልፏል። በዛ ሁሉ አመት ሰው አዳራሽ ገብቶ ሲስቅ ሲያለቅስ የነበረው ምን አይቶ ነው? (መሃል መሃል ላይ ፅሁፍ ያስገቡ ነበር፣ አውቃለሁ፣ በሱ እንዳትመጡብኝ።)

ቀረፃውን ልንገራችሁ ደግሞ። እናትየዋን ሆና የተጫወተችልን የአንዷ የግሩፓችን ልጅ እናት ናት፣ ማዘር ነው የምንላት፣ አንድ ማታ ብቻ ነው የፈቀደችልን። ከአምስታችን ሶስት መጣን። አንደኛው ልጅ "መንገድ ላይ ነኝ" እንዳለ ቀረፃው አለቀ፣ እስካሁን መንገድ ላይ ነው መሰለኝ። ሾቶቹን ሁለት ስልክ ላይ ነው የቀረፅነው፣ አንዱ በሴኮንድ 30 ፍሬም (30 ነጠላ ምስል ማለት ነው) ሌላው 60፣ ማንም ሴቲንግ አልከፈተም፣ ክላስ ላይ "ሲኒማ 24 ነው" ብለን የፃፍን ልጆች ነን እኮ።

ያ የመብራት ሾት አንድ ሰአት ተኩል ፈጀብን። ማዘር መብራቱን ስታጠፋ ስልኩ ጨለመ ብሎ በራሱ ያበራዋል፣ ምስሉ በሙሉ ጉንዳን የፈሰሰበት ይመስላል። ኋላ ላይ ስክሪኑን በጣት ተጭኖ መያዝ እንደሆነ አገኘነው፣ ፎከሱም ብርሃኑም ባለበት ይቆለፋል። ተቆለፈ፣ አሁን ደግሞ መብራት ሲጠፋ ድቅድቅ፣ ምንም የለም። በመጨረሻ የሶስተኛውን ስልክ ባትሪ አብርተን ከመስኮቱ ውጪ ከመጋረጃው ጀርባ ያዝነው፣ ልክ የመንገድ መብራት መሰለ። አይ ደስታ! በሰባት ሳምንት ስላይድ ያልተማርኩትን ስለ ብርሃን በዛች ማታ ነው የተማርኩት።

ድምፁ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ፍሪጁ እምምም ይላል፣ አጠፋነው። የባለሙያዎቹ ዘዴ የቤትህን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፣ ስትወጣ ቁልፍህን ፍለጋ ትከፍተውና መልሰህ መሰካትህ ትዝ ይልሃል። ይሄን አንብቤ ነበር፣ ሳላደርገው ቀረሁ፣ ጠዋት ማዘር ምን እንዳለችን አልነግራችሁም።

ግን የጫማው ሾት! ስልኩን ወለሉ ላይ ሁለት መፅሃፍ ላይ አስደገፍኩት፣ ፍሬሙ ውስጥ የአልጋው ጠርዝ፣ የብርድ ልብሱ ጫፍ፣ ከስሩ ደግሞ ሁለት ጥቁር ጫማ፣ የግራው ተረከዙ አንድ ወገን ያለቀ። ከላይ ምንም የለም፣ ጨለማ ነው፣ ሆን ብዬ ነው፣ አይን ሌላ የሚሄድበት እንዲያጣ። የልጁ እጅ ከቀኝ ይገባል፣ ማሰሪያው ጋ ሲደርስ ትንሽ ያመነታል። ስድስተኛው ላይ ነው የተሳካልን። ማዘር ማንም ሳይነግራት ጫማው ሲወልቅ የእግሯን ጣት ትንሽ ሰበሰበችው። እኔ መሬት ላይ በሆዴ ተኝቼ ነበር፣ ትንፋሼን ይዤ። ፊልም ማለት ይሄ ነው ብዬ አሰብኩ።

ኤዲቲንግ ሌላው ልጅ ይስራው ተባለ፣ ካፕካት ይችላል ተብሎ። ይችላል፣ አልክድም። ማስረከቢያው ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰአት ላይ ኤክስፖርት አድርጎ ላከ። ከፈትኩት።

ቮይስ ኦቨር አስገብቶበታል።

በሱ በራሱ ድምፅ፣ ወፍራም አድርጎ፣ ከስሩ ፒያኖ ተከፍቶ። "የእናት ፍቅር ወሰን የለውም። እናት ልጇ እስኪመጣ አይኗን አትከድንም..." አትከድንም ይላል፣ ምስሉ ላይ ስትከድን እያሳየ! እና "ለማይሰሙ ሰዎችም እንዲሆን" ብሎ ንግግሩን ከስር በፅሁፍ አስቀምጦታል፣ በቢጫ፣ በደማቅ፣ በትልቁ። ከስር። ከስር ምን እንዳለ ታስታውሳላችሁ? ጫማው! ጫማው ላይ! ሁለቱ ጫማዎች ላይ "ወሰን የለውም" የሚል ቢጫ ፅሁፍ ተጋድሞባቸዋል። ከግራው ጫማ "ው" ላይ የተረከዙ ጫፍ ብቻ ወጣ ብሎ ይታያል። የእጁ ማመንታት ደግሞ "ረዝሞብኛል" ብሎ ቆርጦታል። የእግር ጣቷን አልጠይቃችሁም።

ደወልኩለት። አያነሳም። ጠዋት ክላስ በር ላይ ይዤው "ምን ነካህ?" ስለው፣ "እንዴ፣ ዝም ብሎ እኮ ነበር ፊልሙ፣ ባዶ ሆኖብኝ ነው" አለኝ። ባዶ!

ክላስ ታየ። ሰው አጨበጨበ። ቲቸርም "መልእክቱ ግልፅ ነው፣ ጎበዞች" አሉ። ማርኩን ባየው፣ "መልእክት" ከ10 ዘጠኝ፣ "ንግግርና ድምፅ" ከ10 ስምንት፣ "የምስል ጥራት" ከ5 አራት። የክላሱ ስም ምስላዊ አተራረክ ነው እኮ፣ ምስሉ ከ5 ነው የሚያዘው፣ እሱም ጥራቱ፣ ማለትም ደብዝዟል አልደበዘዘም ነው ጥያቄው። ምስሉ ምን ነገረህ የሚል ቦታ ወረቀቱ ላይ የለም። ታዲያ ልጁ ቮይስ ኦቨር ቢያስገባ ምን ይፈረድበታል? ማርክ ያለበትን አይቶ ነው የሄደው። እንዲያውም ከኛ በፊት የታየው ግሩፕ ላይ አንዱ መጨረሻ ላይ ካሜራ እያየ ሁለት ደቂቃ መክሮናል፣ 10 ከ10 አገኙ።

ቲቸርን ሄጄ "ፅሁፉ ጫማውን ሸፍኖት ነው እኮ" ስላቸው "የቱን ጫማ?" አሉኝ። ዝም ብዬ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ስልኬ ላይ የነበሩትን ጥሬ ሾቶች ራሴ ቀጣጠልኳቸው፣ ያለ ፒያኖ፣ ያለ ፅሁፍ፣ የቁልፉ ድምፅና ፀጥታው ብቻ፣ ሶስት ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ። አስር አመት ያልሞላት እህቴ ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥላ አየችው። እስከመጨረሻው ምንም አላለችም። ሲያልቅ፣ "አልተኛችም ነበር አይደል?" አለችኝ። አልተኛችም ስላት ትንሽ አሰብ አደረገችና "እሱም አውቋል" ብላ ሄደች።

ቀጣዩ አሳይመንት አጭር ዶክመንተሪ ነው፣ ያው ግሩፕ፣ መቀየር አይቻልም ተብሏል። ዛሬ ጠዋት ቴሌግራም ላይ ገና ስለምን እንደምንሰራ ሳንወስን የመጀመሪያው ሜሴጅ ገባ፣ "ናሬሽኑን ማን ያንብብ?"