ተአምሩስ ደርሷል፣ ያልተሟላው ፋይሉ ነው

ተአምር ደረሰ በተባለ ቀን ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው እስክሪብቶ ሳይሆን ስልክ ነው። ጥፋቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እስክሪብቶ ያነሳ ሰው ቢያንስ ቀኑን፣ ሰዓቱንና በቦታው የነበሩትን ሰዎች ስም ይጽፋል። ስልክ ያነሳ ግን "አልሰማሽም?" ብሎ ይጀምራል፤ "አልሰማሽም?" ተብሎ የተጀመረ ነገር ደግሞ እያደገ እንጂ እያነሰ ሄዶ አያውቅም። ሦስት ቀን የቆየ ራስ ምታት ሁለተኛው አፍ ላይ ሲደርስ ሦስት ወር ሞልቶታል። ሦስተኛው ላይ ዕጢ ሆኗል። አራተኛው ላይ "ሐኪሞቹ ወስዳችሁ አስታምሟት ብለው ነበር" ይጨመርበታል። አምስተኛው ላይ ሴትዮዋ ከሬሳ ሳጥን ውስጥ አስነጥሳ ተነስታለች። ባለቤቷ ቢጠየቅ "ኧረ ክኒን ውጣ ተኝታ ነው የተሻላት" ይል ነበር፤ ግን እሱን ማን ይጠይቀዋል? ምስክርነቱን የሚያበላሽ ሰው ነው።

"ወሬ ሲነግሩህ ሀሳብ ጨምርበት" ይላል ተረቱ። ጨምሩበት የተባለው ሀሳብ ነበር፤ ሰው ግን ዕጢ ጨመረበት።

ስለዚህ "ዛሬም ተአምር ይደረጋል ወይ?" ተብሎ ሲጠየቅ፣ ይደረግም ከሆነ መዝገብ ያዥ አልተቀጠረለትም። ለተአምር ከተጠራጣሪው ይልቅ የሚከፋበት ወዳጁ ነው፤ ያ ቸኩሎ የሚመሰክርለት፣ ሳይጠየቅ የሚምልለት፣ ወረቀቱን ጥሎ እልልታውን የሚያስቀድመው።

ተጠራጣሪውም ቢሆን ጻድቅ አይደለም። "ማስረጃ አምጡ" ይላል። ራጅ ሲመጣለት "የሌላ ሰው ነው" ይላል። ስም ያለበት ሲመጣለት "ያኔም አልታመመም ነበር" ይላል። የናሙና ምርመራ ውጤት ሲመጣለት "ላቦራቶሪው ተሳስቷል" ይላል። ሁለተኛ ላቦራቶሪ አረጋግጦ ሲልክለት ደግሞ ተቀምጦ ያስብና "ሳይንስ አንድ ቀን ይደርስበታል" ይላል። አንድ ቀን ይደርስበታል ማለት ተስፋ ነው፤ ተስፋ ደግሞ የሃይማኖት ዕቃ ነው፤ ከማን እንደተዋሰው ግን አይናገርም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚህ ክርክር ውስጥ ከሁለቱም ወገን ወረቀት የያዘ ሲጠፋ ነው ጉዱ።

እውነቱን ለመናገር ተጠራጣሪው አንድ ጥሩ መሣሪያ አለው፤ እሱም ሒሳብ ነው። በእንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ በጆን ሊትልዉድ ስም የሚጠራ ስሌት አለ። ሰው ነቅቶ ልብ የሚልበት ጊዜ በቀን 8 ሰዓት ነው እንበል፤ በየሰከንዱም አንድ ነገር ያያል ወይ ይሰማል። በቀን 28,800 ነገር ማለት ነው። በ35 ቀን 1,008,000 ይሆናል። እንግዲህ "ከሚሊዮን አንድ" የሚባለው ነገር በወር አንዴ ገደማ የእያንዳንዱን ሰው በር ያንኳኳል። "አስቤያት ሳልጨርስ ደወለችልኝ" የሚለው ሰው፣ አስቧት ያልደወለችባቸውን ቀናት ቆጥሯቸው አያውቅም። ቢቆጥር ያዝናል።

ማስረጃ በማጥበቅ ግን ተጠራጣሪውን የሚያስከነዱት ራሳቸው አማኞች ናቸው፤ ሁሉም ግን አይደሉም። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው ቅዱስ ይባልልን ተብሎ ሲቀርብ መቃወሚያ የሚፈልግ ሹም ነበረ፤ ሕዝቡ "የሰይጣን ጠበቃ" ይለዋል። ፕሮስፔሮ ላምበርቲኒ በዚህ ሥራ ዓመታት አሳልፎ፣ ከ1734 ጀምሮ በታተመ መጽሐፉ የተአምራዊ ፈውስን መለኪያ ጻፈ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሽታው ከባድ፣ ለመዳንም የማይቻል ወይም እጅግ የሚያስቸግር ይሁን። በራሱ ጊዜ ሊለቅ የተቃረበ አይሁን። መድኃኒት አልተወሰደም፣ ከተወሰደም አልሠራም። ፈውሱ ድንገተኛ ይሁን፤ ሙሉ ይሁን፤ በሽታው ተመልሶ አይምጣ። የሰይጣን ጠበቃ የነበረው ሰውዬ በ1740 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 14ኛ ሆነ፤ ተጠራጣሪነት ሹመት የሚያስከለክል አልነበረም ማለት ነው።

በፈረንሳይ የምትገኘው የካቶሊኮች መሳለሚያ ከተማ ሉርድም በዚሁ መለኪያ ትሠራለች። ከ1858 ጀምሮ በሽተኛ ይጎርፍባታል፤ ከ1883 ጀምሮ ደግሞ የሕክምና ቢሮ አላት። የትኛውም ሐኪም፣ ባያምንም እንኳ፣ ገብቶ መመርመር ይፈቀድለታል። "ድኛለሁ" ብሎ ፋይል የተከፈተለት ሰው ከ7,000 በላይ ነው። እስከ 2025 ድረስ ተአምር ተብሎ የታወጀው 72 ብቻ ነው። ከመቶ አንድ ገደማ! ሐኪሞቹም "ተአምር" የሚለው ቃል ከአፋቸው አይወጣም፤ "አሁን ባለው የሕክምና ዕውቀት አይብራራም" ብለው ይፈርማሉ፤ ቀሪውን ጳጳሱ ይጨርሰው ብለው ያስተላልፉታል።

የቀሩት ፋይሎች ለምን ወደቁ? ውሸት ስለሆኑ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያውና ትልቁ ችግር በሽታው የተጻፈው ከፈውሱ በኋላ መሆኑ ነው። ከዳኑ በኋላ "ታምሜ ነበር" የሚል ደብዳቤ ማጻፍ፣ ፈተናው ካለፈ በኋላ መልስ እንደማስገባት ነው። የሚያስፈልገው ከፈውሱ በፊት የተነሳ ራጅ ወይም ኤም.አር.አይ፣ ስምና ቀን ያለበት፣ ካንሰር ከሆነም የናሙና ምርመራ ውጤት ነው። "ዶክተሩ በቃል ነግሮኝ ነበር" አያልፍም። ሁለተኛው የመድኃኒት ዝርዝር ነው። አንቲባዮቲኩን ሰባት ቀን የዋጠ ሰው ስምንተኛው ቀን ላይ ሲድን ምስጋናው በሙሉ ለስምንተኛው ቀን ጸሎት ይሄዳል፤ ክኒን ማይክ ይዞ "እኔስ?" አይልም። ሦስተኛው የበሽታው ጠባይ ነው። የጀርባ ሕመም፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የቆዳ ማሳከክ፣ እነዚህ ሄደው የሚመለሱ እንግዶች ናቸው። ሰው ደግሞ ተአምር ፍለጋ የሚወጣው ሕመሙ ጣሪያ ሲነካ ነው፤ ጣሪያ የነካ ነገር ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ታች ነው። በዚያ ሰሞን ጸሎት ያደረገም፣ ሻይ የጠጣም፣ ከአማቱ ጋር የታረቀም እኩል ይሻለዋል።

አራተኛው ጊዜ ነው። ካንሰር "ጠፋ" ለመባል ዓመታት ክትትል ይፈልጋል። ነገር ግን ምስክርነቱ እሑድ ይሰጣል፤ በሽታው ሐሙስ ይመለሳል፤ ሐሙስ ደግሞ ማይክ የለም።

እዚህ ላይ ቀልድ የሌለበት ነገር አለ። ኢንሱሊን የሚወስድ የአንደኛው ዓይነት ስኳር ሕመምተኛ "መዳኔን ላረጋግጥ" ብሎ መርፌውን ቢያቆም በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። መዳንን ማረጋገጥ የፈለገ መድኃኒቱን እየወሰደ ይመርመር፤ የዳነ ከሆነ ስኳሩ ከልክ በታች እየወረደ ራሱ ይናገራል፤ መጠኑን የሚቀንሰውም ሐኪሙ ነው።

ካንሰርም አልፎ አልፎ ያለ ሕክምና በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ኒውሮብላስቶማ የሚባለው የሕፃናት ዕጢ፣ የኩላሊት ካንሰርና ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር በዚህ ይታወቃሉ። ተጠራጣሪው ይህን ሲሰማ ደረቱን ይነፋል፤ "ተአምር አይደለም፣ በራሱ ነው የጠፋው!" "በራሱ" ማለት ግን ምክንያቱን አላወቅነውም ማለት ነው፤ በነጭ ጋወን ስለተነገረ ማብራሪያ መሰለው እንጂ።

አሁን ወደ መድረኩ እንውጣ፤ እዚያ ነገሩ ይቀላል። ከሁሉ የቀለለው እግር ማስረዘም ነው። ሰውዬው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ፈዋሹ ሁለቱንም እግር ከጫማ ጋር ከፍ ያደርጋል፤ አንዱን ጫማ ከተረከዙ ጥቂት ሳብ ያደርገዋል፤ ያኛው እግር "አጠረ"። ከዚያ በጸሎቱ መካከል ጫማውን ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ይገፋል፤ እግር "ረዘመ"። ጫማ ከሌለም ሁለቱን እግሮች ጥቂት ወደ ጎን ማዞር ይበቃል፤ ዳሌ ሲዞር አንዱ እግር ወደ ኋላ ይቀራል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ጫማ ይውለቅ፣ ሰውዬው ጠፍጣፋ ነገር ላይ በጀርባው ይተኛ፣ ከዳሌ አጥንት ጫፍ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የውስጥ አጥንት በሜትር ይለካ፤ ግራም ቀኝም፣ ከጸሎት በፊትም በኋላም። ሜትር ይዞ መድረክ የወጣ ሰው ግን "መንፈሱን ትረብሻለህ" ተብሎ ይወርዳል።

የተሽከርካሪ ወንበሩም እንዲሁ ነው። በእግሯ መጥታ ጉልበቷን የሚያማት እናት በር ላይ "ይቀመጡ እማማ፣ ይደክምዎታል" ተብላ ወንበር ይቀርብላታል፤ እየተገፋች ፊት ትደርሳለች፤ "ተነሺ!" ስትባል ትነሳለች። ለምን አትነሳም? ስትመጣም ቆማ ነበር።

ስም ጠርቶ፣ በሽታ ጠርቶ፣ የቤት ቁጥር ጠርቶ የሚያስደነግጠውስ? በ1986 አሜሪካ ውስጥ አንድ ዝነኛ ሰባኪ በጆሮው የሚሰማው ድምፅ በ39.17 ሜጋኸርትዝ የሚተላለፍ የሬዲዮ መልእክት ሆኖ ተገኘ። ሚስቱ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ሕዝቡ አስቀድሞ የሞላውን የጸሎት ካርድ ታነብለት ነበር። ቀረጻው በቴሌቪዥን ቀረበ። ሰውዬው በማግስቱ ዓመት መክሰሩን አስመዘገበ፤ ቆይቶ ግን ወደ ቴሌቪዥን ተመለሰ። ማስረጃ ተጠራጣሪን ብቻ ነው የማያሳምነው ያለ ማነው?

ሐውልትም ያለቅሳል። ውስጡ ክፍት የሆነ የሸክላ ወይም የጄሶ ሐውልት በጭንቅላቱ ቀዳዳ ውኃ ይሞላል፤ ጄሶው ውኃውን ይጠጣዋል፤ ላዩን የተቀባው መስተዋት መሰል ልባስ አያሳልፍም። ዓይኑ ሥር ያለውን ልባስ በመርፌ ጫፍ ጫር ያደረገ ሰው ዕንባ አገኘ። ሐውልቱ ይጠጣልም፤ መስከረም 21 ቀን 1995 (ይህም በአውሮፓውያኑ) ከሕንድ ተነስቶ ጋኔሻ የተባለው የሂንዱ አምላክ ሐውልቶች በማንኪያ የቀረበላቸውን ወተት ጠጡ የሚል ወሬ በአንድ ቀን ዓለምን አዳረሰ። ሳይንቲስቶቹ ወተቱን ቀለም ቀላቀሉበት፤ ያን ጊዜ በስስ ሽፋን ሐውልቱ ላይ ወደ ታች ሲወርድ ታየ። ነጭ ወተት በነጭ እርጥብ ድንጋይ ላይ ሲሄድ ማን ያየዋል? ማንኪያው ዘንበል ሲልና ጠብታው ድንጋዩን ሲነካ ጎትቶ የሚያወርደው የፈሳሹ የገጽ ውጥረትና የመሬት ስበት ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

"እሺ፣ በትልቅ ጥናት ይፈተን" የሚሉም አሉ፤ ተፈትኗል። በ2006 በታተመ ጥናት የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 1,802 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። ሳያውቁ የተጸለየላቸው 52 ከመቶ የጤና መወሳሰብ ገጠማቸው፤ ሳያውቁ ያልተጸለየላቸው 51 ከመቶ፤ እንደሚጸለይላቸው በእርግጠኝነት የተነገራቸው ግን 59 ከመቶ። ተጠራጣሪው ጨፈረ። አማኙ "አምላክ የጥናት ተሳታፊ አይደለም" አለ። ሁለቱም አንድ ነገር ዘለሉ፦ "ያልተጸለየላቸው" የተባሉትን እናቶቻቸው ዝም ብለዋቸዋል? ማንም ያልጸለየለት የልብ ሕመምተኛ ከወዴት ይመጣል? ደግሞስ ነገ ልቡ የሚከፈት ሰው "ለአንተ ልዩ የጸሎት ቡድን ተመድቧል" ሲባል "ይህን ያህል ብሶብኛል እንዴ?" ብሎ ቢደነግጥ ይፈረድበታል?

ገንዘብም ተሞክሯል። አስማተኛው ጄምስ ራንዲ በ1964 በ1,000 ዶላር የጀመረው ሽልማት በ1996 አንድ ሚሊዮን ደረሰ። ሁኔታው አንድ ነበር፤ ምን ቢሆን "ተሳካ" እንደሚባል ሁለቱም ወገን ቀድመው ተስማምተው ይፈርሙ። ከአንድ ሺህ በላይ ሰው አመለከተ፤ በ2015 እስኪዘጋ ድረስ የመጀመሪያውን ማጣሪያ ያለፈ አልተገኘም። ብዙው የቀረው እዚያች ፊርማ ላይ ነው። ቀድሞ መፈረም ማለት በኋላ "የዛሬው መንፈስ ልክ አልነበረም" ማለት አይቻልም ማለት ነው፤ ይህን ማን ይፈርማል?

ፈራሚ ያገኘ አንድ ፋይል ግን አለ። ጆን ትሬይነር የሚባል የሊቨርፑል ሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቆስሎ ቀኝ እጁ ሽባ ሆነ፤ የሚጥል በሽታ ያዘው፤ መራመድም አቃተው። መንግሥት ሙሉ አካል ጉዳተኛ ብሎ የዕድሜ ልክ ጡረታ ቆረጠለት። በ1923 ሉርድ ሄዶ ድኖ ተመለሰ። አብረውት የተጓዙ ሐኪሞች ከመዳኑ በፊትም በኋላም መርምረውት ነበርና ያዩትን ጽፈው ፈረሙ። ወረቀቱ መዝገብ ቤት ተኝቶ ከርሞ፣ እንደገና ተገላብጦ፣ በ2024 71ኛው ተአምር ተብሎ ታወጀ፤ ከዳነ ከ101 ዓመት፣ ከሞተ ከ81 ዓመት በኋላ።

በመካከሉ ሰውዬው የድንጋይ ከሰል ንግድ ጀምሮ ጆንያ በትከሻው ይሸከም ነበር። የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ግን ፋይሉ ላይ "አይድንም" ተብሎ ተጽፏልና፣ በ1943 እስኪሞት ድረስ የአካል ጉዳተኛነቱን ገንዘብ አላቋረጠበትም።