ፖይንት ፋይቭ

የሚከራይ ቤት ስፈልግ አንድ ደላላ በቴሌግራም አራት ፎቶ ላከልኝ። ሳሎኑ ኳስ ያጫውታል። ሄድኩ። በሩ ሲከፈት ግማሽ መንገድ ላይ ሶፋው ይዞ አስቀረው፤ በጎኔ ሾልኬ ገባሁ። «ይሄ ሌላ ቤት ነው» ብዬ ብቆጣ፣ ደላላው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት በጣቱ አሳየኝ። ፎቶው ላይ ያለው ያው ሰዓት ነው። ሰውዬው አልዋሸም። ጥግ ላይ ጀርባውን ለጥፎ፣ ስልኩን ፖይንት ፋይቭ ላይ (ካሜራው ላይ «0.5» የሚለው፣ ብዙ ቦታ የሚያስገባው ሰፊ ሌንስ) አድርጎ ነው ያነሳው።

ሰፊ ሌንስ ድሮም ነበር፤ ግን የባለሙያ ዕቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አይፎን 11 እንኳ 120 ዲግሪ የሚያይ ሌንስ ይዞ ነው የመጣው። ዛሬ በየኪሱ አለ።

ለጠባብ ቤትና ለብዙ ዘመድ መቼም በረከት ነው። ድሮ የበዓል ፎቶ አንሺ ወደ ኋላ ሲል ሲል ከቡፌው ጋር ይጋጭ ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ ሁለት ሰው ይቀራል። አሁን ሁሉም ይገባል። ችግሩ አገባቡ ላይ ነው። ሌንሱ መሐል ያለውን ይምራል፣ ዳር ያለውን ይለጥጣል። እኛ ደግሞ ስናድግ የተማርነው ዳር መቆም ነው። «አንተ መሐል ግባ።» «ኧረ በፍጹም! እኔ እዚህ ይበቃኛል።»

የፋሲካ ዕለት እትዬ ቤት 17 ሆነን ተነሳን። እትዬ በትሕትና (ለጀበናውም እንዳይርቁ) ዳር ቆሙ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን አዩት።

«ይቺ ሴትዮ ደግሞ የማን ዘመድ ናት?»

ማንም ትንፍሽ አላለም። ቀሚሱን አይተው ራሳቸው ደረሱበት። ፊታቸው እንደ ድፎ ዳቦ ወደ ጎን ተንሰራፍቷል። መሐል የቆመው አማቻቸው፣ ያ ኩንታል የሚያክል ሰው፣ ሸንቀጥ ብሎ ወጥቷል። እትዬን ያናደዳቸው የራሳቸው ሳይሆን የሱ መቅጠን ይመስለኛል።

ልጆቹ ሚስጥሩን ያውቁታል። እግራቸውን የፎቶው ታችኛው ጫፍ ላይ ያደርጉና መለሎ ሆነው ይወጣሉ። ጫማቸው ታንኳ ቢያክልም ግድ የላቸውም።

ለዳግማይ ትንሣኤ ስንሰበሰብ ትሕትና የሚባል ነገር ጠፋ። ሁሉም መሐል ካልገባሁ አለ። 17 ሰው አንዱ ባንዱ ላይ ተከመረ። ዳር የቀረው ፍሪጁ ብቻ ነው፤ እሱ መሸሽ አይችል።

እትዬ በዚህኛው ፎቶ ደስ ብሏቸው አሜሪካ ላለችው ልጃቸው አስላኩላት። ያ ፍሪጅ ካረጀ ቆይቷል። «የመቀየሪያ ብር ላኪልኝ» እያሉ ሲወተውቷት ሦስት ወር ሆኗቸዋል። ልጅት ወዲያው መለሰች።

«እማ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ይሄን የሚያክል ፍሪጅ መቼ ገዛሽ?»