ባለሻቶ ለመሆን

የፈረንሳይ ገጠር ሻቶ፣ ማለትም የጥንት መኳንንት ግንብ ቤት፣ ለሽያጭ ሲቀርብ ፎቶው የሚነሳው በግንቦት ነው። ሣሩ ታጭዷል፣ አሸንዳው ደርቋል፣ መስኮቶቹ ፀሐይ ይሞቃሉ። በጥር የተነሳ ፎቶ ካገኙ ሻጩ ወይ የዋህ ነው ወይ ቸግሮታል፤ ሁለቱም ለእርስዎ መልካም ነው።

ዋጋው ያጓጓል። እንደ ሊሙዛን ባለ ራቅ ያለ የፈረንሳይ ገጠር፣ ከነደኑ ከነኩሬው የሚሸጥ ሻቶ ፓሪስ ውስጥ በአንድ ደህና አፓርታማ ዋጋ ቢገኝ አይገርምም። ምክንያቱ ከላይ ነው፤ ቀና ብለው ጣሪያውን ይዩ። አርዷዝ የሚሉት ስስ ጥቁር ድንጋይ መቶ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ የያዘው ሚስማር ግን ቀድሞት ይዝጋል። አንዱ ድንጋይ ሲንሸራተት ውሃ ወደ ወራጁ ይወርዳል። እርጥበት፣ ጨለማና የታፈነ አየር በተገናኙበት ደግሞ ሜሩል የተባለው ፈንገስ ይበቅላል፤ በግንብ ስንጥቅ ሾልኮ ከክፍል ክፍል እየዞረ እንጨት ይበላል። ሽታውን ደላላው «የታሪክ ጠረን» ይለዋል።

ስለዚህ ሻቶ የሚጎበኘው ዝናብ ሲዘንብ ነው። የእብነ በረድ ምድጃውን ማድነቅ ለባለቤትዎ ይተዉና ከአሸንዳው ሥር ያለውን ግድግዳ ይመርምሩ፤ አረንጓዴ መስመር ከወረደበት ውሃው መንገዱን ለምዷል ማለት ነው። በሲሚንቶ የተለሰነ ቦታ ካዩ ደግሞ ይጠንቀቁ። ያለፈው ባለቤት «ላጠንክረው» ብሎ ነው፤ በኖራ የተገነባ ለስላሳ ድንጋይ እርጥበቱን መተንፈስ አለበት፣ ሲሚንቶ ሲያፍነው ከውስጥ ይፈረፈራል።

ወደዱት እንበል። ሻጩ አንድ ሰው እንዳይመስልዎ፤ አያታቸው ያወረሷቸው ስድስት የማይነጋገሩ ዘመዳሞች ይሆናሉ። ይህ ለእኛ አገር ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ሁሉም ቅድመ ውሉን ከፈረሙ እርስዎ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቀብድ ያስይዛሉ፤ ሐሳብ ለመቀየር 10 ቀን አለዎት። ኖተር ከተባለው የውል አዋዋይ ጋ የሚከፈለው፣ አብዛኛው ግብር የሆነው ወጪ፣ ከዋጋው 7 ወይም 8 በመቶ ይደርሳል። የእርሻ መሬት ካለበት ሳፌር የተባለው መሥሪያ ቤት ቀድሞ የመግዛት መብት ስላለው ሁለት ወር ይጠበቃል። መጸዳጃው ከመንደሩ ፍሳሽ መስመር ካልተገናኘና ጉድጓዱ ደንቡን ካላሟላ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ማስተካከል የገዢው ዕዳ ነው። አያታቸው ይህን አልተናዘዙም።

እ.ኤ.አ. በ1913 ሕግ በተጀመረው ሥርዓት መሠረት ቤቱ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ከተመዘገበ፣ መስኮት ለመቀየር ከባለቤትዎ ሌላ መንግሥትንም ያስፈቅዳሉ። የእርስዎ ባይመዘገብም እንኳ ጎረቤት ያለች የተመዘገበች ቤተ ክርስቲያን እስከ 500 ሜትር ድረስ ልታዝዝዎ ትችላለች። በነገራችን ላይ፣ ደላላው «የአርክቴክቱ ጨዋታ» የሚላቸው የተደፈኑ መስኮቶች አንዳንዶቹ እውነትም ለማማር የተሠሩ ናቸው፤ ሌሎቹ ግን ከ1798 እስከ 1926 በመስኮትና በበር ቁጥር ይሰበሰብ ከነበረ ግብር የሸሹ ናቸው።

አትክልቱ? እንደ ምንጣፍ የተከረከመውን ቡዊ የተባለ ቁጥቋጦ ከእስያ የመጣ የእሳት ራት አባጨጓሬ በጥቂት ሳምንት ቅጠል አልባ ያደርገዋል። በጊዜ ካልተረጨ የቀረው ጭራሮ ነው።

ዘመድ ግን አይጠፋም። ነሐሴ ላይ አሥራ አራቱም መኝታ ቤት ይሞላል፤ ሁሉም ሻቶው «የኛ» ነው ይላል። ጥር ላይ የማሞቂያ ዘይት ሲቀዳ «የእርስዎ» ይሆናል።

አቅም ካነሰ መዋጮ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከ25,000 በላይ ሰዎች ከ50 ዩሮ ጀምሮ እያዋጡ፣ በቪየን አውራጃ ዛፍ የበቀለበትን ላ ሞት ሻንዴኒዬ የተባለ ሻቶ ገዙ። ያን ያህል ባለቤት ቢኖረውም ስለ አሸንዳ ጭቅጭቅ የለም፤ በ1932 ስለተቃጠለ ጣሪያ የለውም።