ያልተወዳደረ አይሸነፍም

በአሜሪካ ምርጫ ማግስት ሁለት ሰው ያሸንፋል። አንዱ ኋይት ሐውስ ይገባል። ሌላው ሳይመዘገብ፣ ሳይከራከር፣ አንድ ዶላር እንኳ ሳያወጣ ግዛቶቹን በጣት እየነኩ በሚቀቡት የስልክ የምርጫ ካርታ ላይ ይነግሣል። ይህን ሁለተኛውን የምታነግሡት እናንተ «እገሌ ቢቀርብ ኖሮ» ባዮች ናችሁና ምስጋና ይገባችኋል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሏችሁ ምቀኞች ናቸው። ውሻ ይጮኻል እንጂ የሄደውን ጅብ መልሶ አምጥቶ አይጥለውም። እናንተ በሁለት ደቂቃ ትጥሉታላችሁ፣ ያውም ጋደም ብላችሁ በስልክ።

አሠራሩ ይከብዳል የሚሉ አሉ፤ ሐሰት ነው። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት በየግዛቱ የተደለደሉ ወኪል መራጮች ናቸው፤ ጠቅላላው 538 ድምፅ ነው፣ 270 የያዘ ያሸንፋል። ከሜይንና ከነብራስካ በቀር እያንዳንዱ ግዛት በአንድ ሰው ድምፅ ብልጫም ቢሆን ላሸነፈው የወኪሎቹን ድምፅ ጠቅልሎ ይሰጣል። ስለዚህ ሕዝብ ማሳመን የሚባለውን አድካሚ ሥራ መዝለል ይቻላል፤ ሁለት ሦስት ግዛት በጣት ነካ፣ የሪፐብሊካን ቀይ የነበረው የዴሞክራት ሰማያዊ።

የሙያው ዶሮ ወጥ እ.ኤ.አ. የ2016ቱ ምርጫ ነው፤ ባለሙያ የሚለየው በእሱ ነው። ትራምፕ ሚሺጋንን በ10,704፣ ዊስኮንሲንን በ22,748፣ ፔንሲልቬንያን በ44,292 ድምፅ ብልጫ ወሰደ፤ ድምሩ 77,744። ከ130 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ በሰጠበት ምርጫ ይህ ለእናንተ የእጅ መታጠቢያ አይሆንም። የዴሞክራቶቹን እጩ ሂላሪ ክሊንተንን ታወጣላችሁ፣ በፓርቲው ቅድመ ምርጫ የተሸነፈላትን በርኒ ሳንደርስን ትጨምራላችሁ፣ ሦስቱን ግዛቶች ትነካላችሁ። በሷ 232 ላይ የሦስቱ ግዛቶች 46 ሲደመር 278 ሆነ፤ ወጡ ደረሰ። ቅመሙም በእጅ ነው፦ ሚሺጋንና ዊስኮንሲን ላይ ሳንደርስ ቅድመ ምርጫውን አሸንፏል። ፔንሲልቬንያ ላይ መሸነፉ፣ በጠቅላላው ቅድመ ምርጫም ሂላሪ ከ3 ሚሊዮን በሚበልጥ ድምፅ መብለጧ የሽንኩርት ልጣጭ ነው፤ ለእንግዳ አይቀርብም። ላም አለኝ በሰማይ ያለው ሰውዬ ወተቷን አላየም። እናንተ አልባችሁ፣ ንጣችሁ፣ ቅቤውን አናታችን ላይ ታደርጉልናላችሁ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ማቀዝቀዣችሁ ነው። እጩውን ስትቀይሩ ሌላው ዓለም በሙሉ በረዶ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ትራምፕ ከፊቱ ሳንደርስ ቆሞም ስለ ሂላሪ ኢሜይል ያወራል። ራሱን «ዴሞክራቲክ ሶሻሊስት» ብሎ የሚጠራ ሰው እጩ ሆኖ ሳለ ይህችን ቃል በማስታወቂያ ከጠዋት እስከ ማታ የሚደጋግም አንድ ሪፐብሊካን አይገኝም። በ2016 ጸደይ ሳንደርስ ትራምፕን በሰፊው ይመራ እንደነበር የሚያሳዩት የአስተያየት ጥናቶች እንደ ጽላት ይከበራሉ፤ ያኔ እሱን ለመጣል ገንዘብ ያፈሰሰ ተቃዋሚ ስላልነበረ ነው መሰል እንዲህ ያማሩት።

በረዶው ትንሽ ሲቀልጥ ምን እንደሚሆን ላሳይ። በአሌክሳንድሪያ ቡና ቤት ማኪያቶ ይዘው ስለ ፔንሲልቬንያ የሚከራከሩ ወገኖቻችን የተቀመጡት ቨርጂኒያ ላይ ነው። ቨርጂኒያ 13 ድምፅ አላት፤ በ2016 ሂላሪ በ5 ነጥብ ገደማ ወሰደቻት፣ ምክትል እጩዋ ቲም ኬይንም የዚያው ግዛት ሴናተር ነበር። ሳንደርስ ሲገባ ኬይን ይቆያል? ሂላሪን የመረጠው የዋሽንግተን ዳርቻ ቤት ባለቤት ታክስ ሲነሣበት አብሮ ይሄዳል? ቨርጂኒያ ካፈተለከች 278 ላይ 13 ይቀነሳል፤ 265። ሦስቱም ግዛቶች ተቀብተው ወጡ ቀጠነ። ወገኖቻችን ግን የሰው ግዛት እንጂ የተቀመጡበትን አይቀቡም፤ ጨዋነት ነው።

ሌላው የምወድላችሁ የትውልድ ግዛት ጉርሻ ነው። እጩው ወይም ምክትሉ ከየት ነው? እንግዲያስ ለዚያ ግዛት 5 ነጥብ ይጎረስ። ግዛቶቹ ራሳቸው ይህን ደንብ አልሰሙም። አል ጎር በ2000 ቴነሲን፣ የገዛ አገሩን፣ ተሸነፈ። ፍሎሪዳ በ537 ድምፅ አመለጠችው ተብሎ እስከ ዛሬ ይለቀሳል እንጂ 266 ላይ የቴነሲን 11 ቢጨምር 277 ነበር፣ ፍሎሪዳንም ባላስፈለገው። ምክትል እጩው ፖል ራያን በ2012 የገዛ ግዛቱን ዊስኮንሲንን ለሚት ሮምኒ አላመጣለትም። የዴሞክራቶቹ እጩ ማክገቨርንማ በ1972 ከትውልድ ግዛቱ ከሳውዝ ዳኮታ ጋር 48 ሌሎች ግዛቶችን አስረከበ፤ የሱን ካርታ የሚነካ ጀግና ግን ከመካከላችሁ ብዙም አላየሁም።

የ2024ቱ ግን ልብ ያሞቃል። ካማላ ሃሪስ 226 አገኘች፤ ሚሺጋን 15፣ ዊስኮንሲን 10፣ ፔንሲልቬንያ 19፤ ሲደመር ልክ 270። ፈጣሪ ራሱ ለእናንተ ያዘጋጀው ቁጥር ይመስላል። ስለዚህ በምክትል እጩዋ በቲም ዋልዝ ቦታ የፔንሲልቬንያው ገዥ ጆሽ ሻፒሮ ገባና ነገሩ አለቀ። ፔንሲልቬንያ ብቻዋን 245 ላይ እንደምታቆምና ሚሺጋንና ዊስኮንሲንም በሰው ግዛት ገዥ ፍቅር መውደቅ እንዳለባቸው የሚያስታውስ ሰው የግብዣ ወግ አያውቅም። ባይደን ከውድድሩ የወጣው ጁላይ 21፣ ምርጫው ኖቬምበር 5። በ107 ቀን ውስጥ አዲስ ቅድመ ምርጫ አድርጋችሁ፣ አስታርቃችሁ፣ ገንዘብ ሰብስባችሁ ታሸንፋላችሁ፤ በካርታ ስለሆነ ሰባት ቀን ይተርፋችኋል።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። ይህን ጥበብ ሪፐብሊካኖችም ያውቁታል። በ2020 ትራምፕ በድምሩ በ42,918 ድምፅ ልዩነት የተሸነፈባቸውን አሪዞናን፣ ጆርጂያንና ዊስኮንሲንን ሲገለብጡ የሚወጣው 269 ለ269 ነው። እኩል ሲሆን ነገሩ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ይሄዳል፤ እዚያ ድምፁ በግዛት ነው፤ ካሊፎርኒያም አንድ ድምፅ፣ ዋዮሚንግም አንድ ድምፅ፣ ለማሸነፍ 26። ለዚህኛው የሚነካ ቁልፍ ስለሌለ ካርታ ቀቢው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ይተኛል።

ሳንደርስ ግን በ2016 በካርታ ሳይሆን በእርግጥ ያገኘው የወኪል መራጭ ድምፅ ነበረ፤ አንድ። የሃዋይን 4 ድምፅ ሂላሪ አሸንፋ ሳለ ከአራቱ ወኪሎች አንዱ አፈንግጦ ለሳንደርስ ሰጠ፣ ተቆጥሮም ተመዘገበ። ይህችን ካርታችሁ ላይ ለማስገባት ሞክሩ። ሃዋይን ስትነኳት አራቱም አንድ ላይ ይቀየራሉ።