እኛ አብልተን እኛው እናማርር?

ወገኖቼ ዛሬ ባለስልጣን አልሳደብም፣ እሱን በየታክሲውና በየካፌው በደንብ ይዘነዋል። ዛሬ ተራው የኛ ነው፣ ወረዳው በር ሳይደርስ ስልኩን አውጥቶ "እዛ የምታውቀው ሰው አለ?" ብሎ የሚጀምረው ህዝብ። ምን ቅድመ ሁኔታ እንደሚያስፈልግ ሳንጠይቅ ማን እንዳለ እንጠይቃለን፣ ከዛ ማታ ቤታችን ገብተን "በዚህ አገር መንግስትን ማመን አይቻልም" እንላለን። ኧረ እንተፋፈር!

እርግጥ ነው የሚያሳምን ነገር ብዙ አላየንም። የሀምሌ 2014ቱ የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም እጣ ትዝ ይላችኋል አይደል፣ 25 ሺ 491 ቤት እጣ ወጣ ተብሎ ስንቱ እልል ካለ በኋላ በቀናት ውስጥ ዳታው ተነካክቷል ተባለና ተሰረዘ፣ ኃላፊዎችና የሲስተም ባለሙያዎች ታሰሩ። ከ1997 ጀምሮ ተመዝግቦ ከልጆቹ ጉሮሮ እየቀነሰ ለቆጠበ ሰው ይሄ የሚረሳ አይደለም፣ እምነቱ ቢሰበርም አልፈርድበትም። ግን ያኔ ሁላችንም ኃላፊዎቹ ላይ ስንጮህ አንድ ነገር ዘለልን። መስፈርቱን ያላሟሉ ሰዎች ዝርዝሩ ውስጥ ገብተው ነበር ተብሏል እኮ፣ እነዛ ስሞች የማን ናቸው? ከማርስ አልመጡም መቼስ። ሁሉም አውቆ ገባ አልልም፣ ማስረጃ የለኝም፣ ግን "ሳልቆጥብ ቤት የሚያስገባኝ ሰው አገኘሁ" የሚል ዘመድ ቢኖረን ስንቶቻችን ነን ነውር ነው የምንለው? "እድለኛ ነህ፣ ለኔም ንገርልኝ" ነው የምንለው።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እያለ የሚያሳድግ ህዝብ እኮ ነን። ይሄ ተረት ደግሞ ተረት ብቻ አይደለም፣ እንሰራበታለን። ስንት አመት በኃላፊነት ሰርቶ በኪራይ ቤት የሚኖር ሰውዬ ሰፈራችሁ የለም? ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወትን ስለሱ ምን እንደምንል ታውቁታላችሁ፣ "ያን ሁሉ ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንዲት ቤት እንኳን ሳይሰራ ወጣ፣ ምስኪን፣ ሞኝ ነገር ነው"። በሁለት አመት ጂ ፕላስ ስሪ የሰራው ሲመጣ ግን ተነስተን ወንበር እንለቃለን፣ ሽማግሌ ሆኖ እንዲሄድልን የምንለምነው እሱን ነው፣ ሰርግ ላይም ከፊት የሚቀመጠው እሱ ነው። እንግዲህ አዲስ የተሾመው ልጅ ይሄን እያየ ምን ይማር? ንፁህ ሆኖ ሞኝ ከሚባል... መሙላቱን ለናንተ ትቼዋለሁ።

ሰልፉ ላይስ? መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ "ሲስተም የለም" ስትል መቼ ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ዝም ብሎ መበተን ነው። አንዱ በጓሮ በር ሲገባ ሰልፉ በሙሉ በአይኑ ይሸኘዋል። አንዲት እናት "ኧረ ልጄ ተራህን ጠብቅ" ቢሉ የሚያስቆማቸው ጥበቃው አይደለም፣ ከኋላቸው የቆመው ሰልፈኛ ነው፣ "ማዘር ይተዉት፣ ጉዳይዎን ያበላሹብዎታል"። እዛው ግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር የሚባል ተሰቅሏል፣ ለየትኛው አገልግሎት ስንት ደቂቃ፣ ስንት ብር፣ ምን ምን ማስረጃ፣ ሁሉም ተፅፏል። ጀርባችንን አስደግፈንበት እንቆማለን እንጂ ማን ያነበዋል።

የሚገርመኝ መጠየቅ የማንችል ህዝብ አይደለንም። የእድር ገንዘብ ያዥ ለድንኳን ኪራይ ያወጣት ብር ደረሰኝ ከጎደላት ስብሰባው እስኪመሽ አይበተንም፣ ሰውየው ጎረቤታችን ሆኖ፣ ልጃችንን ክርስትና ያነሳ ሆኖ እንኳን አንለቀውም። ለዛ ነው እድርን የምናምነው፣ ዳኛው መልአክ ስለሆነ አይደለም። ወረዳችን በአመት ስንት በጀት እንደያዘ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? በጀቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍበት ወረዳ አለ፣ የሚያነበው ግን የክፍት የስራ ቦታ ማስታወቂያ ፍለጋ የመጣ ልጅ ነው።

ህጉ የለም እንዳትሉኝ ደግሞ። ህገመንግስቱ አንቀፅ 12 ላይ የመንግስት አሰራር ለህዝብ ግልፅ መሆን አለበት ይላል፣ ህዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሳው ይችላልም ይላል። የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጁ ከ2002 ጀምሮ አለ። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ከ2000 ጀምሮ አለ፣ እምባ ጠባቂ ተቋምም አቤቱታ ለመቀበል የተቋቋመ ነው። ይሄ ሁሉ በደንብ ይሰራል ብዬ አልዋሻችሁም፣ ሄዶ የተንከራተተም አለ። ግን አብዛኞቻችን ሞክረን አይደለም የተውነው፣ አምስት መቶ ብር መስጠት ስለሚቀል ነው። ጉቦ መስጠትም በህጉ ወንጀል ነው እኮ፣ ተቀባዩ ብቻ አይደለም የሚጠየቀው፣ "ሻይ በልበት" ብትሉትም ያው ነው።

ደግሞ አንድ ነገር፣ እዛው ቢሮ ውስጥ በደሞዟ ብቻ የምትኖር፣ ምሳ ሰአቷን ሰውታ ፋይል የምትፈልግ ሰራተኛ አለች። እሷንም "ሁሉም ሌባ ነው" ብለን ከነሱ ጋር እንደምራታለን። ሁሉም ሌባ ነው የሚለው ወሬ ለሌባው ነው የሚመቸው፣ መደበቂያ ይሆነዋል። በስም ለይታችሁ አመስግኑ፣ አስተያየት መስጫው ላይ ፃፉላት፣ ያጠፋውንም እንደዛው በስሙና በቀኑ ፃፉ።

ውጭ ያላችሁትም አላመለጣችሁም። ዋሽንግተንና ዱባይ ቁጭ ብላችሁ በየላይቩ ስለ ሙስና ስትተነትኑ ታመሻላችሁ፣ በማግስቱ የቤት ካርታ ጉዳይ ሲዘገይባችሁ ወንድማችሁ ጋ ደውላችሁ "የሚፈልጉትን ስጣቸውና ጨርስልኝ፣ እልክልሀለሁ" ትላላችሁ። በናንተ ዶላር የለመደ ሰራተኛ ነገ ዶላር የሌላትን እናታችሁን ያንኑ ነው የሚጠይቃት። ወንድማችሁንስ ገንዘብ ከምትልኩለት ደረሰኝ ላክልኝ በሉት፣ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ አልልክም በሉት፣ ጉዳዩ ሶስት ወር ይዘግይ።