ሳይናገር የተጨበጨበለት

ስብሰባ ላይ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ የተጨበጨበለት ሰው ታውቃላችሁ? እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። ፍራንክ ኔልሰን ኮል ይባላል። ኒውዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያስተምር ነበር።

ጥቅምት 1903 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ተራው ደረሰ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ዕድሉን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ» አላለም። «ከእኔ በፊት የተናገሩት ጨርሰውታል፤ ቢሆንም…» አላለም። ጠመኔውን አነሣና ስልሳ ሰባት ሁለቶችን አባዝቶ 1 ቀነሰ። 147,573,952,589,676,412,927 ወጣ። ወደ ሰሌዳው ሌላ ጥግ ሄዶ 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዛ። ያው ቁጥር ቁጭ! ሰውየውም ሄዶ ቁጭ አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የጠየቀም የለም።

ታሪኩን እንዲህ አሳምሮ ያወራው የሒሳብ ሊቁና ደራሲው ኤሪክ ቴምፕል ቤል ነው። ቤል ደግሞ ሲተርክ ቅመም አይሰስትም ነበር። ማባዛቱ ግን ቅመም የለበትም። የማያምን በወረቀት ይሞክረው፤ የስልክ ካልኩሌተር የመጨረሻዎቹን አሃዞች ሊውጥበት ይችላል።

ምኑ ያስጨበጭባል ትሉ ይሆናል። ማሪን መርሴን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1644 ይህን ቁጥር ብቸኛ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ከ1 እና ከራሱ በቀር እኩል የሚያካፍለው የለም ማለቱ ነው። የመነኩሴ ቃል ማን ይጠረጥራል? ቁጥሩ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በመልካም ስም ኖረ። በ1876 ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኤድዋር ሉካስ ብቸኛ አለመሆኑን አረጋገጠ። አካፋዮቹ እነማን እንደሆኑ ግን አላወቀም። ልክ እንደ ሰፈር ወሬ፦ «ሰውዬው ሌላ ቤት አለው፤ የት እንደሆነ ግን አይታወቅም»። ልዩነቱ፣ ሉካስ ማስረጃ ነበረው።

የሉካስ ዘዴ በኋላ ተሻሽሎ ቀሏል። ከ4 ትነሣላችሁ። በራሱ አባዝታችሁ 2 ትቀንሳላችሁ፤ በትልቁ ቁጥር አካፍላችሁ ቀሪውን ትይዛላችሁ። ይህን 65 ጊዜ ትደግማላችሁ። መጨረሻው ዜሮ ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው። እዚህ ዜሮ አይመጣም። በቃ፣ ተነቃበት!

አካፋይ ፍለጋው ነው ጣጣው። ከ1 በስተቀር ማንኛውም አካፋዩ ለ134 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት። ስለዚህ 135፣ 269፣ 403 እያሉ መሄድ ነው። ትንሹ አካፋይ የሚገኘው በ1,445,580ኛው ላይ ነው። ኮል መንገዱን የሚያሳጥር ብልሃት ነበረው። ያም ሆኖ ስንት ጊዜ ፈጀብህ ሲሉት «የሦስት ዓመት እሑዶች» አለ ይባላል።

እኔን ያስቀናኝ ይሄ ነው። እሑድ! አዲስ አበባ ቢኖር የትኛውን እሑድ ያገኝ ነበር? አንዱ እሑድ የአክስቱ ልጅ መልስ ነው። ቀጣዩ ክርስትና። ከዚያ የእድር ስብሰባ፤ መቅረት ደግሞ ያስቀጣል።

«ምን ሆነህ ነው የጠፋኸው?»

«ቁጥር እያካፈልኩ ነበር።»

«ታዲያ ስንት ስንት ደረሳችሁ?»

እድሩ ላይ ግኝቱን ላቅርብ ቢል ደግሞ አስቡት። ሁለት ቁጥር አባዝቶ ዝም ብሎ ሊቀመጥ? አንድ ጋሼ እጃቸውን ያወጣሉ። «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው። የወንድማችን ድካም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ማባዛቱ ከመጀመሩ በፊት ጠቅላላ ጉባኤው ተጠይቋል ወይ?» ሌላው ተነሥቶ «ጋሼ ያሉትን እደግፋለሁ» ይልና እሳቸው ያሉትን እንዳለ ይደግመዋል፤ በእጥፍ ሰዓት። ከኋላ አንዲት እናት «አባ የተናገሩትን መሻርስ ደግ ነው ልጄ?» ይላሉ። አምስት ሰው ያለበት አጣሪ ኮሚቴ ይመረጣል። ከአምስቱ አንዱም 21 አሃዝ ማንበብ አይችልም፤ አንዱ ግን መኪና አለው። ቃለ ጉባኤ ያዡም ይጽፋል፦ «የቁጥሩ ጉዳይ ለሚቀጥለው እሑድ ተላልፏል።»